ኢስታንቡል የሚሄድ አንገቱን ይጠብቅ

ጆሃንስበርግ ውስጥ አንድ ሐበሻ አዲስ ሻንጣ እየጎተተ የሐበሻ ነጋዴ በሞላበት በጄፒ መንገድ ሲያልፍ ከታየ፣ መካሪ ከየሕንፃው ይፈስለታል። «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ያልሄደው ነው፤ የሄደውማ መልሱን ሳይጠብቅ መምከር ይጀምራል። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት የቀድሞ ሰዎች አንድ ቀን ጄፒ ውለው ቢሆን ኖሮ፣ መካሪ የበዛበት ንጉሥ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚሰነብት ጨምረው ይነግሩን ነበር። ከነዚህ መካሪዎች አንዱ እኔ ነኝ። ጫማ እሸጣለሁ። ጫማዬን የማመጣው ከኢስታንቡል ስለሆነ፣ ማንም ሳይሾመኝ የኢስታንቡል ጉዳይ ኃላፊ ሆኛለሁ። ቪዛ ያገኘ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚመጣው እኔ ሱቅ ነው፤ እኔም ጫማ የሚሞክረውን ደንበኛ በአንድ እግሩ አቁሜ መንገደኛውን እመክራለሁ።

እናንተም አንድ ቀን መሄዳችሁ አይቀርምና ስሙኝ። ኤርፖርቱ ሁለት ነው። አንዱ አውሮፓ ውስጥ ነው፣ ሌላው እስያ ውስጥ ነው፤ ከተማው ግን ያው አንድ ኢስታንቡል ነው። ትኬታችሁን ሳታዩ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ «ኤርፖርት» ብቻ ያላችሁ እንደሆነ፣ በሰፈር ሳይሆን በአህጉር ተሳስታችሁ አውሮፕላን ያመለጣችሁ ሰዎች ትሆናላችሁ። ታክሲ ስላችሁ ደግሞ የጆበርግን ሚኒባስ እንዳታስቡ። እዚህ ጣታችንን ወደ ሰማይ ስንቀስር ሾፌሩ መሃል ከተማ እንደምንሄድ ገብቶት ይቆምልናል። እዚያ መንገድ ዳር ቆማችሁ ጣት ብትቀስሩ «ጸሎት ላይ ናቸው» ብለው በአክብሮት ያልፏችኋል። ይልቅ የትራንስፖርት ካርድ ግዙና በባቡር ሂዱ፤ ካርዱን ደግማችሁ ካስነካችሁት አብሯችሁ ያለውንም ሰው ያሳልፋል። ጫማችሁ ምቹ ይሁን። ይህን የምለው ጫማ ስለምሸጥ አይደለም፤ ከተማው ዳገት ነው፣ ቁልቁለቱም ሲመለሱበት ዳገት ነው።

ጫማው ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ መስጊድ ውስጥ በጫማ አይገባምና። ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ያዙ። ካልሲያችሁ አለመቀደዱን ከማደሪያችሁ ሳትወጡ አረጋግጡ፤ ያንን የሚያክል ጥንታዊ ጣሪያ ሥር ቆሞ አውራ ጣቱን የሚደብቅ ሰው ምንም ሳያይ ነው የሚወጣው። ጣሪያ ያለው ትልቁ ገበያ እሁድ ዝግ ነው። በሌላው ቀን ሂዱና ተደነቁበት፣ ጥፉበት፤ ለሱቅ የሚሆን ዕቃ ግን ከዚያ አትግዙ፣ የጅምላው ሰፈር ሌላ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ሳያውቅ የጣለ መስሎ ፊታችሁ ያልፋል። አታንሱለት። እናታችሁ በደንብ እንዳሳደገቻችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አታንሱ። ያነሳችሁለት እንደሆነ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነህ!» ብሎ ጫማችሁን በምስጋና ይጠርግና፣ ሲጨርስ የምስጋናውን ያስከፍላችኋል። እኔ ሸራ ጫማ አድርጌ ተጠርጎልኝ ከፍያለሁ።

ሱቅ ስትገቡ ሻይ ይመጣል። ጠጡ፤ ሻይ መጠጣት መግዛት አይደለም። ሲበቃችሁ ማንኪያውን የብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት፣ ካላጋደማችሁት ሲቀዳላችሁ ይውላል። ወንበር ላይ ድመት ተኝታ ካገኛችሁ ወንበሩ የሷ ነውና ሌላ ፈልጉ። ይህን ሁሉ ለእትዬ ታደለች ነግሬያቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ እሱን ደግሞ እኔም አላውቀውም ነበር።

እትዬ ታደለች የሆሳዕና ሰው ናቸው። ባላቸውን ተከትለው ደቡብ አፍሪካ መጡ፤ ባላቸው ሲያርፉ ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ብቻቸውን ይዘው ቀሩ። ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር የኛ ሰው የሚከፍተውን ሱቅ ያየ ያውቀዋል፤ ደንበኛው ውጭ ይቆማል፣ ባለሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው እጅ ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ አለ። ፍርግርጉ የመጣው ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰፈሩ በሙሉ «ማማ ታዲ» እያለ ይጠራቸዋል፣ የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ያውቃሉ፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ደንበኛ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

«እኔ እኮ ታስሬ ነው የምነግደው» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰው ሊገዛ ሲመጣ፣ ጠያቂ የመጣልኝ ነው የሚመስለኝ።»

ሐሳባቸው ጄፒ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ፣ በሩ ክፍት የሆነ የመጋረጃ ሱቅ መክፈት ነበር። የካትሌሆንጓን ሱቅ ለአገራቸው ልጅ ሸጡ፤ ጄፒ ክፍል ተከራዩ፤ የቀረው ዕቃው ነበር። ዕቃው ደግሞ እንደማንም ዕቃ ከሆነ አያዋጣም። ጄፒን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ አንዱ ያመጣው ነገር ከተሸጠ፣ በሳምንቱ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያው ነገር ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እትዬ ታደለች ጥሩ ጨርቅ በሚያዋጣ ዋጋ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ጨርቅ ለጆሃንስበርግ ለሳቸው ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ማግኘት ነበረባቸው። ይህ ካልሆነ ሱቃቸው ወር አይሞላውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው ያንኑ ፍርግርግ ሊጠብቁ ነው። ይህን ስለማውቅ አብሬያቸው ሄድኩ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል፤ እኔም ራሴን የኢስታንቡል በሬ አድርጌ ቆጥሬ ነበር።

ደግሞ እንደሳቸው ያለ ምክር ሰሚ አላየሁም። ሊስትሮው ብሩሹን ሲጥል፣ «ልጄ፣ ዕቃህ ወድቋል» ብለው በአማርኛ ነግረውት አለፉ። ድመቷን አላስነሱም። ማንኪያቸውን አጋደሙ። እንዲህ እያልን የመጋረጃ ጨርቅ በጅምላ ወደሚሸጥበት ሰፈር ዘልቀን፣ ሁለት ሱቅ አይተን ሳይሆንልን ቀርቶ ሦስተኛው ገባን። ባለቤቱ ሃሊል ቤይ ይባላል። ቤይ ማለት እንደኛ አቶ ነው። ሙሉ ሽበት፣ ሙሉ ቦርጭ ያለው፣ የገበያ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነው። እትዬን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠና መጨረሻው ላይ «አብላ!» አላቸው።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። «ምን አብላ ይለኛል? ርቦታል እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው...» ብዬ ሳልጨርስ ቦርሳቸው ተከፍቶ፣ ከጆሃንስበርግ ለስንቅ የያዙት ዳቦ ቆሎ ወጥቶ፣ በሰውየው መዳፍ ላይ ተዘግኖ ነበር።

«ታላቅ እህቱ ከሆንኩማ ይብላ» አሉ። ሃሊል ቤይ አንዷን ቆረጠመ፣ አሰብ አደረገ፣ ሁለተኛዋን ጨመረ።

ከዚያ ጨርቅ መታየት ጀመረ። ብዙ ተዘረጋ፣ ብዙ ተጠቀለለ። በመጨረሻ አንድ የጠቆረ አረንጓዴ መጣ፣ ብርሃን ሲነካው ከውስጡ ወርቃማ ክር ብልጭ የሚል። እትዬ በሁለት ጣታቸው አሹት። ጉንጫቸውን አስነኩት። «ይሄ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ እኔም ይሄ እንደሆነ ገባኝ። ሃሊል ቤይ ሒሳብ ማሽኑን አወጣና ዋጋውን ጽፎ አዞረላቸው። የሚያስጨበጭብ ዋጋ ባይሆንም ካሰቡት አልራቀም። እትዬ ታደለች እሺ አሉ።

እዚህ ላይ እባካችሁ እኛ «እሺ» የምንለው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉልኝ። አፋችንን አንከፍትም። ቅንድባችንን ብድግ፣ አገጫችንን ቀና እናደርግና፣ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እ!» እንላለን። ሌላው ሕዝብ ሲደነግጥ የሚያወጣውን ድምፅ እኛ ስንስማማ እናወጣዋለን። በፖለቲካ እንለያይ እንጂ፣ በዚህች ነገር የሆሳዕናውም የጎንደሩም የአዲስ አበባውም ሰው አንድ ነው። እትዬም ቅንድባቸውን ብድግ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉና «እ!» አሉ።

ሃሊል ቤይ ፊቱ ጠቆረ። ቁጥሩን አጠፋና ዝቅ ያለ ጻፈ። እትዬ ግር ብሏቸው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሰውየው አላስተዋለ እንደሆነ ብለው አንገታቸውን ከፍ፣ ትንፋሻቸውን ጠንከር አድርገው «እ!» አሉ። ሃሊል ቤይ ተነፈሰ። እጁን ልቡ ላይ አደረገ። እንደገና ዝቅ አደረገ። «ይሄ ሰውዬ አይሰማም እንዴ?» አሉኝ እትዬ። «እሺ አልኩት እኮ!» ለሦስተኛ ጊዜ አንገታቸውን ሲያነሱ፣ ሃሊል ቤይ ወደኔ ዞሮ «እህትህ ድንጋይ ናት» አለኝና የመጨረሻውን ጻፈ። እኔ መጀመሪያ ላይ ለመተርጎም አፌን ከፍቼ ነበር። ዋጋው ያለ እኔ እርዳታ ሲወርድ ሳይ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ለምን እንደሚወርድ አልገባኝም። ሥራው የዳቦ ቆሎው መስሎኝ ነበር።

«አሁን ዋናውን ጠይቅልኝ» አሉኝ እትዬ። «ይሄን ጨርቅ ጆሃንስበርግ ለኔ ብቻ ይሽጥልኝ በለው። ሌላ ሰው ከጆሃንስበርግ ቢመጣ አይስጥብኝ።»

ጠየቅሁላቸው። ሃሊል ቤይ አገጩን ቀና አደረገ፣ ቅንድቡን ብድግ አደረገ፣ በምላሱ «ጭ» አለ።

ይህን ያየ ሐበሻ ምን ይረዳል? ቅንድቡን አነሳ፣ እሺ አለ። «ጭ» አለ፣ ከንፈር መጠጠ። እትዬ ታደለች ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። «ጌታ ይባረክ! ስሙ ይባረክ! ባሌ መሞቱን ነግረኸዋል እንዴ? አዘነልኝ እኮ!» የሰውየውን ሁለት እጅ ያዙ፤ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን እየመረቁ እንባቸውን አፈሰሱ። የቀረውን ዳቦ ቆሎ ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። እኔም ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃሊል ቤይ ብቻ ነው በፍርሃት የሚያየን።

በዚህ መሃል አንድ መንገደኛ በበሩ አንገቱን አስግጎ አንድ ነገር ጠየቀ። ሃሊል ቤይ አገጩን ቀና፣ ቅንድቡን ብድግ አድርጎ «ጭ» አለና፣ ቀጥሎ «ዮክ» አለው። ሰውየው ሄደ። እኔ ክው አልኩ። ዮክ ማለት «የለም» ማለት እንደሆነ ከቱርክኛ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነው። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት አገር፣ ሰዎቹ እምቢ ሲሉ አንገታቸው ወዴት እንደሚሄድ ልብ ብዬ አላውቅም፤ እኔ ገበያ ላይ አፌ ከአንገቴ ስለሚቀድም፣ አንገቴን የሚያይ ነጋዴ አልነበረም።

«ሃሊል ቤይ፣ ለሳቸው ብቻ ትሸጣለህ አትሸጥም?» አልኩት።

«አልሸጥም አልኩ እኮ። እምቢ ስትባል እንዲህ የምትደሰት ሴት አይቼ አላውቅም።»

ለእትዬ ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «እና እምቢ ነው ያለኝ?»

«እምቢ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ እሺ ያልኩትስ?»

«እሱም እምቢ ያሉት ነው የመሰለው። ለዚያ ነው ዋጋውን ሲያወርድ የነበረው።»

ፊታቸውን ሳይ አንጀቴን በሉት። የተሸጠችው ሱቅ፣ የተከራዩት ባዶ ክፍል፣ ሁሉም ነገር ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ንገረው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«በመጀመሪያው ዋጋ እሺ ብዬ እንደነበር።»

«እትዬ! ሌላውን እንኳ ባያደርግልን ዋጋው ወርዶልናል። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ውሸት ግን ይነቅዛል! እኔ አፌን ይዤ ወንድም ያልኩትን ሰው ላታልል? ያን ጨርቅ ሰው ቤት ስሰቅል ጌታን ምን እለዋለሁ? ንገረው ስልህ!»

ነገርኩት። ቋንቋው አልበቃ ሲለኝ በተግባር አሳየሁት፤ የኛ እሺ እንዲህ ነው፣ የናንተ እምቢ እንዲህ ነው። እትዬ እያገዙኝ «እ!» ይላሉ፣ ሃሊል ቤይ እየሞከረ «ጭ» ይላል። ሦስት ሰዎች አንገታችንን ወደ ላይ ስንወረውር በመስኮት ያየን ካለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ሳይመስለው አልቀረም። በመጨረሻ ነገሩ ሲገባው ሃሊል ቤይ መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ እትዬ ዞረ።

«አብላ» አለ። «ዋጋ ለማስወረድ ሲምሉ አይቻለሁ፣ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ወጥተው ሲመለሱ አይቻለሁ። ዋጋ ለማስጨመር ቁጭ ያለ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። እኔ ዕቃ የምልክላቸውን ሰዎች አብዛኞቹን በስልክ ነው የማውቃቸው። ከጥሩ ጨርቅ ይልቅ የሚታጣው በስልክ የሚታመን ሰው ነው።»

ሒሳብ ማሽኑን ሳበና አዲስ ዋጋ ጻፈ፤ ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ከመጨረሻው የበለጠ። ነጋዴ ነው እንጂ ቅዱስ አይደለም። እትዬ አንገታቸውን ሊያነሱ ሲሉ መሃል ላይ ገቱትና፣ በግልጽ አፍ «እሺ» አሉ። ከዚያ ሃሊል ቤይ «ስለ ሁለተኛው ጥያቄ...» አለና፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን አንድ ጊዜ ብቻ በዝግታ ወደ ታች ዝቅ አደረገ።

እትዬ የጃኬቴን እጅጌ ጨመደዱት። «ይሄስ? ይሄኛው ደግሞ ምንድነው?»

«እሺ ነው፣ እትዬ! ይሄኛው እሺ ነው!»

«በአፉ ይበለኝ!»

በአፉም አለ፤ በወረቀትም ፈረመ። ያን ጊዜ እትዬ ታደለች የሱቁ በር ላይ ቆመው እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ነጋዴዎች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወጡ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ፣ ድመቷ ወንበሯን ለቃ ሸሸች። ኢስታንቡል ድል ያደረጉ ነገሥታት ሲገቡባት ኖራለች፤ የሆሳዕና እልልታ ግን ለጆሮዋ አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ በዚያ ቀን ታደለች የሚለውን ስም ያወጣውን መልአክ ባገኘው ምሳ እጋብዘው ነበር።

ጨርቁ በጊዜው ጆሃንስበርግ ገባ። ሱቁ በተከፈተበት ጠዋት የራሴን ዘግቼ ሄድኩ። አረንጓዴው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘበኛው ታች የሕንፃው መግቢያ ላይ ስላለ እዚህ ላይ ብረት የሚባል ነገር የለም። እትዬ ታደለች የክት ልብሳቸውን ለብሰው መሃል ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት የአገሬው ሴት ደፉ ላይ ቆመች።

«ማማ፣ ኤርታይም ኢኮና?» አለች። የስልክ ካርድ አለ ወይ ማለቷ ነው።

ካትሌሆንግ ሳሉ ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ «ኢኮና» ማለት፣ አለ ማለት፣ ግዴታቸው ነበር፤ የሌላቸውን እንኳ ከጎረቤት አስመጥተው በፍርግርጉ ያቀብሉ ነበር። አሁን ግን ደረታቸው ሲነፋ አየሁ።

«አዪኮ!» አሉ በደስታ። የለም! «ኤርታይም አዪኮ! ዳቦ አዪኮ! ሲጋራ አዪኮ! ሳሙና አዪኮ!»

ሴትዮዋ ደንግጣ ልትመለስ ስትል፣ እትዬ ታደለች ሮጠው እጇን ያዙና ወደ ውስጥ ሳቧት። መዳፏን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አደረጉት።

«ንኪው» አሏት በአማርኛ። «ገብተሽ ንኪው፣ እህቴ።»